የሦስት ወር ስኳር

ሥራነሽ ጠዋት ጨው ልታመጣ ወደ ሳሎኑ ስትገባ የቡፌው ታችኛ በር ተቆልፎ አገኘችው። ቁልፉ ትንሽ ነው፤ የሻንጣ ዓይነት፣ ገና ከላስቲኩ የወጣ፣ የሚያብለጨልጭ። በጣቷ ነካ አደረገችው። መጀመሪያ የመጣላት ሌባ ነው፤ ቤቱን ሌባ ደፍሮት እሷ ሳትሰማ አድራ ይሆን ብላ ደነገጠች። ቀጥሎ ግን ከዚያ በር ኋላ የሚቀመጠውን አስታወሰች። ስኳሩ፣ የማር ጣሳው፣ የልጅ ልጇ የሃኒ ብስኩት። ጨው እንኳ እዚያ የለም። ጨው ያለው ወጥ ቤት ነው። ታዲያ ለጨው ብላ ወደ ሳሎን ምን አመጣት? ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች፤ አንዱን ልታነሣ ወጥታ ሌላው ዘንድ ቆማ ራሷን ታገኛለች።

እዚያው እንደ ቆመች ከመኝታ ቤቱ የልጇ ሚስት የወንጌላዊት ድምፅ ተሰማት። «ታዲያ ምን ላድርግ? እጃቸውን ልሰር? ቀን እኔ ትምህርት ቤት ሳስተምር እውላለሁ፣ አንተ ሥራ ነህ።» ልጇ ይታያል ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ፤ «ይቆለፍ አልኩሽ እኮ፤ መች ተቃወምኩ? ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው የተባለው። ሰው ይዋሻል፣ ቁጥር አይዋሽም።» ሥራነሽ እሳት እንደነካው ሰው እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣችና በእግሯ ጣት እየተራመደች ወጣች። በወለደችው ልጅ ቤት በጣት መራመዷ ከቁልፉ ይልቅ አሳፈራት።

ነገሩ ካለፈው የስኳር ክትትል ቀን ወዲህ ነው የመጣው። ባሏ ከሞተ በኋላ ይታያል ከአምበር አምጥቶ ደብረ ማርቆስ ቤቱ አስቀምጧታል፤ መድኃኒቷን የሚገዛው፣ ለክትትል የሚያመላልሳት፣ በየጠዋቱ ጣቷን በመርፌ ጠቅ አድርጎ በትንሿ መለኪያ የሚያየው እሱ ነው። በማዘጋጃ ቤት መሬት የሚለካ ቀያሽ ስለሆነ የሰው ነገር ከሚያምን የሜትር ነገር ያምናል። የጠዋቱ ልክ ሁልጊዜ ደህና ነበር፤ «ጎበዝ እማ» እያለ መለኪያውን ወደ ከረጢቱ ይመልሳል። ያን ቀን ግን ሐኪም ዘንድ «የሦስት ወር ስኳር» የሚሉትን ምርመራ አሠሯት፤ የሦስት ወሩን ጠቅላላ ነገር የሚናገር ምርመራ ነው አሉ። ውጤቱ ከፍ ብሎ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ወጣ። ይታያል ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ብዙ አሰበና «ጠዋት ጠዋት ትጠነቀቂያለሽ፣ ቀን ቀን እኛ ስንወጣ ትበያለሽ ማለት ነው» አላት። «ምን በላሁ?» አለች። «እሱን አንች ነሽ የምታውቂው።» ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው በትሕትና ነው የሚያናግራት፤ እንደ እንግዳ።

ሥራነሽ ስኳር አልበላችም። ይህን ለራሷ ስትነግረው ከርማለች፤ ሲሰነብት ግን እርግጠኝነቷ እየሳሳ ሄደ። ምናልባት ሳላውቀው በልቼ ይሆን? አእምሮዬ ጨው ፈልጎ ሳሎን የሚወስደኝ ከሆነ፣ እጄስ ሳላዝዘው ማር ጣሳ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ? ድካሙ እንደሆነ የለየለት ነበር። ከሰርቪሱ ክፍሏ እስከ ትልቁ ቤት ያለችውን አጭር ግቢ ስታቋርጥ ልቧ ከበሮ ይመታል፤ ደረጃዋ ላይ አንድ እግሯን አሳርፋ ትንፋሿን ትጠብቃለች። ምላሷ ላጥ ብሎ ትኩስ ነገር አይችልም። ፀጉሯ ሚዶው ላይ ይቀራል። «ስኳሩ ነው» ይላታል ልጇ። «ስኳር ሲበላ እንዲህ ያደርጋል» ትላለች ምራቷ። ሥራነሽም ይሁን ብላ ትቀበላለች፤ ምክንያቱም የምትደብቀው ሌላ ነገር አለ፤ የሚደብቅ ሰው ደግሞ ለመሟገት አፍ የለውም።

የምትደብቀው ግድግዳውን ነው። ትልቁ ቤት ብሎኬት ቢሆንም እሷ የምትተኛበት ሰርቪስ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ክረምት ሲቃረብ ርጥበት ስቦ ይሸታል። ያ ሽታ ከፋሲካ በፊት፣ በዐቢይ ጾም መካከል አንድ ቀን አፏን በምራቅ ሞላው። ከአልጋው ኋላ የተሰነጠቀውን ምርጊት በጥፍሯ ቆረስ አድርጋ ምላሷ ላይ አኖረችው፤ እንዲያ ያለ ደስታ ከየት መጣ? ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው። በጥርሷ ስር ቀርጨጭ ሲል ለራሷ ጆሮ እንኳ ያሳፍራታል። አንድ ከሰዓት ወንጌላዊት ሳታንኳኳ ገብታ እያኘከች አገኘቻትና «ምን እየበሉ ነው እማማ?» ስትላት ዋጥ አድርጋ «ምንም» አለች። ምን ትበል? ልጅ ያረገዘች ሴት አፈር ቢያምራት ማንም ይስቃል እንጂ አይፈርድም። ማሕፀኗ የደረቀ ባልቴት አፈር ካማራት ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው ብላ ታስባለች፤ መቃብሩ እየጠራት ነው። ወይም የሆነ ሰው «አፈር ብይ» ብሎ ረግሟት ርግማኑ በቃሉ ደርሷል። ማን ይሆን የረገመኝ እያለች የአምበርን ሰው በልቧ አንድ በአንድ ታልፋለች፤ አንድም አታገኝም።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ቁልፉ አላነሣም። ሃኒ ብስኩቷን ስትጠይቅ ወንጌላዊት «ትምህርት ቤት እሰጥሻለሁ» አለች፣ ቶሎ። ከዚያ ወደ ይታያል ዞራ «ሽንኩርት ደግሞ መቶ ሃያ ገባ» አለች። «መቶ ሃያ?» አለ ይታያል፤ ሰምቶት የማያውቅ ይመስል በጣም ተገርሞ። «የቲማቲሙስ መች ይነገራል!» አለች ወንጌላዊት። ሥራነሽ ያለ ቅቤ የቀረበላትን ገንፎ በማንኪያዋ ታገላብጣለች። ሥጋም ቅቤም ወተትም ከማዕዷ ከተነሣ ቆይቷል፤ ለስኳር ጥሩ አይደለም ብሎ አንድ ሰው ለይታያል ነግሮት። በመጨረሻ «ቡፌው ተቆለፈ?» አለች፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። ይታያል ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሣ «ለአንች ብለን ነው እማ» አላት። ወንጌላዊት ተነሥታ ሳህን መሰብሰብ ያዘች፤ ያልተበላበትንም ጭምር።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ሥራነሽ አልጋዋ ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኳን፣ ቅያሪ ቀሚሷን፣ የስኳር ኪኒኗን፣ ለጉልበቷ ቁርጥማት ከመድኃኒት ቤት እየገዛች የምትውጠውንም ኪኒን በአንድ ጨርቅ ቋጠረች። አምበር ወንድሟ ቄስ ገብረ ኪዳን አለ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሚስቱም ቃል ታበዛለች፤ ቢሆንም እዚያ ቤት የሚቆለፍ ነገር የለም። ሄዳ ምን እንደምትለው አላወቀችም። ስኳር ሰረቀች ተባልኩ? ወይስ አፈር ጠራኝ? በሩን ዘግታ ቁልፉን እንደ ልማዷ ከድንጋዩ ስር አኖረችውና ወጣች።

ሌሊት የግንቦት መጨረሻ ዝናብ ዘንቦ ነበር። መንገዱን ለኮብልስቶን ቆፍረውት ቀይ አፈሩ ዳር ለዳር ተከምሯል፤ ሽታው ወደ ራሱ ሳባት። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ እየተጎተተች አለፈችው። ባጃጅ ብትይዝ ይሻላት ነበር፤ ግን መናኸሪያው እኮ ሩቅ አይደለም፣ በእግሯ አምበር ገበያ ደርሳ ትመለስ የነበረች ሴት ይህን መሄድ ያቅታታል? ዳገቷ ላይ ቆመች። ትንሽ ሄዳ እንደገና ቆመች፤ የኤሌክትሪክ እንጨት ተደግፋ። ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ተማሪዎች እየሳቁ በአጠገቧ አለፉ፤ ሳቃቸው ከጕድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ነው የተሰማት። መናኸሪያው በር ስትደርስ ረዳቱ «አምበር! ሉማሜ! ደጀን! የቀረ አንድ ሰው!» ይላል። «አምበር» ልትለው አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። የረዳቱ ፊት ነጭ ሆነ፣ ሚኒባሱ ነጭ ሆነ፣ ሰማዩና አስፋልቱ ቦታ ተለዋወጡ።

ዓይኗን ስትገልጥ መሬት ላይ ናት፤ ራሷ የአንዲት ሴት ጭን ላይ። ሴትየዋ ከበሩ አጠገብ ቆሎ የምትሸጠው ወለላ ነበረች፤ ያኔ ግን ስሟን አላወቀችውም። ዙሪያውን ሰው ቆሟል። «ምን ያምዎታል? ምን አለብዎት?» ይሏታል። «ስኳር» አለች ሥራነሽ፤ ያላት መልስ እሱ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ይህችን ቃል ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ተነሣ። «ስኳሯ ወርዶ ነው! ጣፋጭ ስጧት!» አንዱ ከሱቅ ቀዩን ለስላሳ ይዞ ሮጠ። ሥራነሽ ጠርሙሱን ስታይ አፏን ገጠመች። ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። «አልበላም! አልጠጣም! ልጄ…» ለማለት ስትከፍተው ግን ወለላ በደግነት፣ በጠንካራ እጇ አገጯን ይዛ ጨመረችባት። «ይዋጡ እናቴ፣ ይዋጡ፤ ይሞታሉ እኮ!» ጣፋጩ በጉሮሮዋ ወረደ፣ በአገጯ ፈሰሰ፣ ነጩ ቀሚሷ ደረት ላይ ቀይ ሆነ። ከወራት በኋላ የቀመሰችው የመጀመሪያው ጣፋጭ ይህ ነበር፤ አለቀሰች። ሰዎቹ እየተሻላት ነው አሉ።

ወለላ ቆሎዋን ለጎረቤት አደራ ብላ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰቻት፤ ከቋጠሮው ውስጥ ስልኳን አውጥታም ለይታያል ደወለች። ይታያል ጫማው ጭቃ እንደ ሆነ፣ የሥራ ጃኬቱን እንደ ለበሰ ደረሰ። በሩ ላይ ሲታይ ፊቱ የልጅ ፊት ነበር፤ ሥራነሽ ያን ፊት ታውቀዋለች፣ ትንሽ ሆኖ ገበያ ላይ ስትጠፋበት የነበረው ፊት ነው። ቀርቦ እጇን ያዘ። ከዚያ የቀሚሷን ደረት አየ። አሸተተው። በዚያው ቅጽበት ነርሷ መለኪያዋን እያነበበች «ስኳራቸው ሁለት መቶ አርባ ነው» አለች። ይታያል የያዘውን እጅ ለቀቀ።

«ይኸው» አለ፤ ለእናቱ ይሁን ለነርሷ ሳይለይ። «ይኸው! መናኸሪያ ድረስ ሄዳ!»

ወለላ «ኧረ እኛ ነን የሰጠናቸው፣ ወድቀው እኮ ነው» ለማለት ሞከረች፤ እሱ ግን አልሰማትም ወይም ለቆሎ ሻጭ ደግነት ምስጋናውን ብቻ ነበር ያዘጋጀው፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለ እስከ በሩ ሸኛት። ሥራነሽ ጣራ ጣራውን ታያለች። መናኸሪያው፣ ለስላሳው፣ ቡፌው፣ ማሩ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ተቀላቀሉባት። እውነትም ጠጥታለች፤ አፏ ይጣፍጣል። ስንት ጊዜ እንዲህ ጠጥታ ይሆን? ሰው እያጠጣት እሷ ረስታው ይሆን? «ልጄ እውነቱን ሊሆን ይችላል» አለች በልቧ፤ ያን ጊዜ የተሰማት ፍርሃት መሬት ላይ ስትወድቅ እንኳ አልተሰማትም።

ተረኛው ሐኪም ዶክተር ዘመንፈስቅዱስ የሚባል ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ያበጠ። ልጇ የነገረውን ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ የሥራነሽን መዳፍ ገልብጦ አየው፤ የራሱን መዳፍ ከጎኑ አደረገ። የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ሳብ አደረገው። ምላሷን አስወጣት። ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረገ፤ መሃላቸው እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ነበር። «ሲወድቁ ስኳራቸው ስንት እንደነበረ ማንም አልለካም አይደል? ይህ ሁለት መቶ አርባ የለስላሳው ነው» አለና ደም እንዲቀዳላት አዘዘ።

ውጤቱን ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ይታያል ስልኩን ያወጣል፣ ይመልሳል። «ለማን ልትሄጅ ነበር?» አላት በመጨረሻ። «ለገብረ ኪዳን።» «ሳትነግሪኝ?» ሥራነሽ ነጠላዋን አስተካከለች። ከፊታቸው አንድ ገበሬ የታመመች ሚስቱን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፏት ተቀምጧል፤ ሁለቱም ያን ሲያዩ ቆዩ። «ያ ሰውዬ ከየት ነው የመጣው ይመስልሻል?» አለ ይታያል። «ከቆላው ይሆናል፤ ጋቢው ሳሳ ያለ ነው» አለች።

ዶክተሩ ሲጠራቸው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ።

«እማማ፣ ደም የለዎትም ማለት ይቻላል።»

ሥራነሽ ግራ ተጋብታ ልጇን አየችው፣ ዶክተሩን አየችው። «አዎ የለብንም» አለች ቀስ ብላ። «የእኛ ቤተሰብ ከማንም ጋር ደም ተቃብቶ አያውቅም። ወንድሜም ቄስ ነው።»

ዶክተሩ መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ሲገባው ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። «ሌላውን ደም አይደለም። በሥርዎ የሚሄደውን ነው የምልዎት። ደም ማነስ አለብዎት፤ ከባድ ነው። ሰባት ነጥብ ሁለት ነው፣ ቢያንስ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። የሚደክምዎት፣ ልብዎ የሚመታው፣ ዛሬም የጣለዎት እሱ ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የአየሩን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ጨመረ፤ «እማማ፣ አፈር ያምርዎታል? ጭቃ፣ ወይም አመድ፣ ወይም ያልበሰለ ሩዝ?»

ሥራነሽ የነጠላዋን ጥለት ይዛ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ይህ ሰው ከየት አወቀ? አልጋዋን አንሥቶ አላየ። ንስሐ አባቷ እንኳ አያውቁም። ልጇ አጠገቧ ቆሟል፤ ቢወጣ ኖሮ ትናገር ነበር፤ ውጣ ብትለው ደግሞ ምን እንደምትደብቅ ይጠይቃል። «ብዙ ሰው ይበላል» አለ ዶክተሩ። «ደም ያነሰው ሰው ሁሉ ባይሆንም ብዙው። ሰውነት ብረት ሲያጣ እንዲህ የማይሆን ነገር ያስመኛል። ነውር አይደለም፤ በሽታው ራሱ ነው።»

«ምርጊት» አለች ሥራነሽ።

«ምን?» አለ ይታያል።

«የሰርቪሱን ምርጊት። ከአልጋው ኋላ ያለውን።» ድምፅዋ ሲወጣ ራሷ ሰማችው፤ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ። «ከጾሙ ጀምሮ ነው። ወንጌላዊት የሰማችው ቀርጨጭ የሚለው እሱ ነው። ስኳር አልነበረም።»

ይታያል ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ዶክተሩ ረጋ ብሎ ጠየቃት። ምን ትበላለች? ማን ከለከላት? ለጉልበቷ የምትውጠው ኪኒን የትኛው ነው? ቋጠሮዋን ፈትታ አሳየችው። እሱን ዛሬውኑ እንድታቆም ነገራት፤ ጨጓራዋን አቁስሎ ደሙን ቀስ በቀስ እያፈሰሰው ሊሆን ይችላል። ወይም ትሎች ይሆናሉ። ስኳር የቆየበት ሰው ኩላሊቱ ሲደክም ደግሞ ደም የሚያሠራው ነገር ይጎድለዋል፤ እሱም መታየት አለበት። ሰገራ ይመርመር፣ ጨጓራ በመሣሪያ ይታይ፣ የብረት ኪኒን ይጀመር። «ደሙ የት እንደሚሄድ ሳናውቅ ኪኒን ብቻ ሰጥተን አንተውዎትም» አለ። ሥራነሽ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከሁለት ቃል አንዱ ነው የሚገባት። ይታያል ግን አንድ ነገር ላይ ቆሞ ቀርቷል።

«የሦስት ወሩስ? ዘጠኝ ነጥብ ስምንቱ?»

«ያ ምርመራ ስኳሩን ለብቻው አያየውም» አለ ዶክተሩ። «በደሙ ላይ ተጣብቆ የቆየውን ነው የሚቆጥረው። ደሙ ብረት ሲያጥረው አንዳንዴ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። የጠዋት የጠዋቱ ልክ እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ፣ እኔ እሱን ነው የማምነው። ደማቸው ሲስተካከል ደግመን እናየዋለን።»

«ስለዚህ ተሳስቷል?»

«ሳይሆን አይቀርም። አሁን ላይ ቆሜ ምዬ መናገር ግን አልችልም።»

ፈሳሽ ሲሰጧትና ሌላ ሌላውን ሲያሠሯት ቀኑ ተገባደደ። ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ጉልበታቸው እየተነካካ ተቀመጡ፤ ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ይታያል። «ምን ብዬ? ቤትህን እየበላሁልህ ነው ብዬ?» አለች። ሊስቅ ነበር፤ አፉ ተከፍቶ ሳቁ ሳይወጣ ቀረ። ትንሽ ሄዱና ሥራነሽ ጠየቀች፤ «ታዲያ ስኳሬ አለ ወይስ የለም?» «አለ እማ። እሱማ አለ።» «ዘጠኙስ?» «እንጃ፤ ሳይሳሳት አይቀርም ነው ያለው።» «ቁጥር ይሳሳታል?» ይታያል በባጃጁ ጎን ያለውን ሸራ ገለጥ አድርጎ ውጭውን ማየት ጀመረ። ጠዋት መኝታ ቤት ውስጥ የተናገረውን መስማቷን ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ፊቱን ሳይመልስ ነጂውን «ሥጋ ቤቱ ጋ አቁምልኝ» አለው። ጉበት በጥቁር ፌስታል ይዞ ተመለሰና ጭኗ ላይ አኖረላት፤ ትኩስ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ አላለም። እሷም አልጠበቀችም፤ ምን ልትለው እንደሚገባ ራሷም አላወቀችም። ልትቆጣው ትፈልጋለች፤ ጠዋት እውነቱን እንኳ ሳትናገር እንዴት አድርጋ ትቆጣው?

ቤት ሲደርሱ መሸት ብሏል። ሥራነሽ በቀጥታ ወደ ሰርቪሷ ገባችና ጋደም አለች። ከትልቁ ቤት የሁለቱ ድምፅ ይመጣል፤ የይታያል ረጅም፣ የወንጌላዊት አጭር። ከዚያ የይታያል ብቻ። ከዚያ ዝምታ። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች፤ ሳቅ ቢሆን ምን እንደምታደርግ፣ ልቅሶም ቢሆን ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ቋጠሮዋን ሳትፈታ ከራስጌዋ አድርጋዋለች። ነገ አምበር ልትሄድ ትችላለች፤ ላትሄድም ትችላለች።

ወንጌላዊት በሩን አንኳኩታ ገባች። ጉበቱን በሳህን ይዛለች፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ጠረጴዛ ስላልነበረ ሳህኑን አልጋው ላይ አስቀምጣ ከጎኑ ተቀመጠች። ቋጠሮውን አየች፤ ዓይኗን አነሣች። «ይብሉ እማማ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለች። ሥራነሽ አንድ ጉርሻ ወሰደች። ወንጌላዊት እግሯ ስር ያለውን ሊሾ እያየች ብዙ ቆየች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ቀነሰ፣ ጨመረ፣ ቀነሰ።

«ሃኒን ሳረግዝ» አለች ድንገት፣ «ጠመኔ እበላ ነበር።»

ሥራነሽ ማኘኳን አቆመች።

«ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ይታያልም አያውቅም። ከሰሌዳው ስር ወድቆ የማገኘውን ነበር መጀመሪያ። በኋላ ከፓኬቱ። በኪሴ ይዤ ሽንት ቤት ገብቼ እበላለሁ። ጠመኔው ሲያልቅ ርእሰ መምህሩ ተማሪዎቹን አሰለፋቸው፤ ማነው የሚሰርቀው ብሎ። አንዱን ልጅ አንበረከከው። እኔ ከመምህራኑ ጋር ቆሜ እያየሁ ዝም አልኩ።»

ሥራነሽ ፊቷን አየችው። መሳቅ ነበረባት ወይስ መቆጣት? ጠመኔ የበላች ሴት ናት በሩን የቆለፈችባት፤ የምታውቅ ሴት። «እንዲህ እያወቅሽ…» ብላ ጀመረች፣ የቀረው ጠፋት።

«አላሰብኩትም እማማ» አለች ወንጌላዊት፤ ዓይኗ ሞልቷል። «በእግዜር፣ አልመጣልኝም። ስኳር ያለበት ሰው ከስኳር ሌላ የሚያምረው ነገር ያለ አልመሰለኝም።»

ሥራነሽ በአእምሮዋ ውስጥ የተንበረከከውን ልጅ አየችው፤ ጉልበቱ እንዴት አሞት ይሆን አለች። ለእሱ ማን ደረሰለት? ልትጠይቅ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ነጩን ነበር ወይስ ባለ ቀለሙን?»

ወንጌላዊት ቀና አለች። ምራቷ ከሆነች ወዲህ እንዲህ በድንጋጤ ዓይን ለዓይን ተያይተው አያውቁም።

«ነጩን» አለች በሹክሹክታ። «ባለ ቀለሙ ይመራል።»

ሥራነሽ ሳቋ አመለጣት። ለመሳቅ የሚበቃ ትንፋሽ ግን አልነበራትም፤ ልቧ መደብደብ ጀመረ፣ ክፍሉ ዞረባት፣ ልትይዘው ስትፈልግ ያገኘችው የወንጌላዊትን ክንድ ነበር። ያዘችው። ወንጌላዊት ሁለት እጇን ሰዳ ደገፈቻት፤ እሷም እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ ሥራነሽ ሊለይላት አልቻለም።